ማን አባከነው? «ተሰጥኦ ያባከኑ ቦክሰኞች» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሰነበተ «ተሰጥኦ ያባከኑ ቦክሰኞች» የሚል ጽሑፍ ለእኔም ደረሰኝ። የላከልኝ ወዳጄ «ይኼን አንብበህ ዝም ካልክ አንተ አይደለህም» ብሎ ነበር፤ አላሳፈርኩትም። ጽሑፉ ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ ትልቅ ተስፋ ተጥሎባቸው መጨረሻቸው ያላማረ ቦክሰኞች የወደቁት በራሳቸው ጥፋት ነው፤ በልተው፣ ጠጥተው፣ ሰንፈው ወይም ታብየው የተሰጣቸውን ጣሉት። ለማስረጃ ማይክ ታይሰን፣ ሜልድሪክ ቴይለር፣ ሪዲክ ቦው፣ ቲም ዊዘርስፑን፣ ዊልፍሬድ ቤኒቴዝ፣ ቴዎፊሎ ስቲቨንሰን፣ ናሲም ሐመድና አንዲ ሩዊዝ ተሰልፈዋል። በመጨረሻ በርናርድ ሆፕኪንስ ይመጣና ሌሎቹ ሁሉ በእሱ ልክ ተመዝነው ይቀላሉ።

ጸሐፊው ብዕራቸው ይጥማል፤ ይኼን አልነፍጋቸውም። ግጥሚያዎቹንም አይተዋል። ያላዩት ከግጥሚያ በፊትና በኋላ ያለውን ነው። እኔ ሻምፒዮን አልነበርኩም፣ ሻምፒዮንም አላሠለጠንኩም። ለብዙ ዓመት ግን ፓድ (ቦክሰኛ ቡጢ የሚለማመድበትን የእጅ ትራስ) ይዤ የሰው ቡጢ በመዳፌ ተቀብያለሁ፤ የግራ እጄ አውራ ጣት ብርድ ሲነካው እስከ ዛሬ ያስታውሰኛል። የምናገረው ከዚያ ቦታ ሆኜ ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያለሁ።

በታይሰን ልጀምር። የጸሐፊው ክርክር የታወቀው ነው፦ አሳዳጊው ካስ ዳማቶ ባይሞት ኖሮ ታይሰንን ማንም አያሸንፈውም ነበር፤ ሽማግሌው ሲሄድ ልጁ ልጓሙን በጠሰ። ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ ቀኖቹ ግን አይገጥሙም። ዳማቶ ያረፈው በኖቬምበር 1985 ሲሆን ታይሰን ፕሮፌሽናል ከሆነ ገና ስምንት ወሩ ነበር። ትሬቨር በርቢክን በሁለተኛው ዙር ዘርሮ በ20 ዓመቱ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የሆነው ከዚያ አንድ ዓመት ቆይቶ፣ ኖቬምበር 22 ቀን 1986 ነው። ሦስቱን ቀበቶዎች ጠቅልሎ የያዘው በ1987፣ ማይክል ስፒንክስን በ91 ሴኮንድ የጨረሰው በጁን 1988 ነው። እንግዲህ ዛሬም ድረስ ቪዲዮውን እያየን የምንደነቅበት ታይሰን በሙሉ ከዳማቶ ቀብር በኋላ የመጣ ታይሰን ነው።

የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ማኔጀሩ ጂም ጄከብስ በማርች 1988 ሞተ። የዳማቶን ስልት ከልጁ ጋር በየቀኑ የሚደግመው አሠልጣኝ ኬቪን ሩኒ በዚያው ዓመት ተባረረ። የታይሰን አቦካከስ ደግሞ እንዲሁ በጉልበት የሚሄድ አልነበረም። ቁመቱ ለከባድ ሚዛን አጭር ነው፤ ወደ ረጅም ሰው ለመግባት ጭንቅላቱን ያለማቋረጥ ማወዛወዝ፣ ከጃብ (ከፊት እጅ ቀጥተኛ ቡጢ) ሥር መግባት፣ ሦስት አራት ቡጢ አከታትሎ ጎን መያዝ አለበት። ይኼ በየቀኑ ካልተደገመ ይዝጋል። ከስፒንክስ በኋላ ጭንቅላቱ ቆመ፣ አንድ አንድ ቡጢ መወርወር ጀመረ።

ታይሰን ለመጀመሪያ ጊዜ በተሸነፈበት ግጥሚያ፣ ቶኪዮ ላይ፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1990፣ የተጋጣሚው የበስተር ዳግላስ ጃብ ዓይኑን ሲያሳብጠው የሆነውን ልብ ብላችሁ ብታዩ ነገሩ ይገባችኋል። በበረዶ የምትቀዘቅዝ ትንሽ የብረት ቁራጭ አለች፤ በዙር መሀል እብጠት ላይ ትጫናለች፣ ዓይን እንዳይዘጋ ታደርጋለች። ለሰፈር ልጅ ኮርነር (በዙር መሀል ቦክሰኛው የሚያርፍበትና ረዳቶቹ የሚቆሙበት ጥግ) የሚቆም ሰው እንኳ ቦርሳው ውስጥ አትጠፋም። የዓለም ሻምፒዮኑ ኮርነር ውስጥ ግን አልነበረችም። ሰዎቹ የላስቲክ ጓንት ውስጥ የበረዶ ውሃ ሞልተው፣ ፊኛ የመሰለውን ነገር ፊቱ ላይ ደግፈው ያዙለት። ታይሰን ለዚያ ግጥሚያ በቅጡ እንዳልተዘጋጀ ራሱም ተናግሯል፤ ለእሱ ጥብቅና አልቆምም። ነገር ግን ያ ኮርነር የተመረጠው ለሙያው ነው? ከሻምፒዮን አጠገብ በመቆም ገንዘብ የሚገኝ ሲሆን መጀመሪያ የሚባረረው «ዛሬ በደንብ አልሠራህም» የሚለው ሰው ነው። በትናንሽ ጂሞችም አይቼዋለሁ።

ሁለተኛው ነጥብ ሜልድሪክ ቴይለር ነው፤ ጽሑፉን አስቀምጬ ከክፍሉ እንድወጣ ያደረገኝም እሱ ነው። ጸሐፊው ቴይለር በትምክህቱ ተሸነፈ ይላሉ። እየመራ ሳለ በመጨረሻው ዙር መሸሽ፣ ማቀፍ፣ ሰዓት መግደል ሲችል ከሁሊዮ ሴዛር ቻቬዝ ጋር ፊት ለፊት መደባደብን መረጠ፤ አከተመ።

ያንን ግጥሚያ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። ላስ ቬጋስ፣ ማርች 17 ቀን 1990። ሁለቱም ሽንፈት አያውቁም። ቴይለር በ1984 ኦሎምፒክ ወርቅ የወሰደው በ17 ዓመቱ ነው፤ አሁን 23 ዓመቱ ነው፣ እጁም እንደ ስፌት መኪና ነው። ለ11 ዙር ቻቬዝን በፍጥነት ይበልጠዋል፤ አራት ያሳርፋል፣ አንድ ይቀበላል። አንዷ ግን የቻቬዝ ናት። ከስድስተኛው ዙር በኋላ ድምፁን ዘግታችሁ ፊቱን ብቻ ተመልከቱ፦ የሚያሸንፈው ሰው ፊት እያበጠ፣ አፉ ደም እየሞላ ነው፤ የሚሸነፈው ሰው ፊት ብዙም አልተነካም። ነጥቡና ፊቱ ሁለት የተለያዩ ግጥሚያዎችን ይናገራሉ።

ከ12ኛው ዙር በፊት የቴይለር ኮርነር «ይኼ ዙር ያስፈልግሃል» አለው። ከሦስቱ ነጥብ ሰጪዎች በሁለቱ ወረቀት ላይ ግን በ5 እና በ7 ነጥብ እየመራ ነበር። ወድቆ ተነሥቶ እንኳ በእግሩ ቢቆም ያሸንፋል። ነጥብ በግጥሚያ መሀል ስለማይነገር ይኼን እሱም ኮርነሩም አያውቁም። ታዲያ የ23 ዓመት ልጅ፣ ዓይኑ ተዘግቶ፣ የሚያምናቸው ሰዎች «ዙሩ ያስፈልግሃል» ሲሉት ምን ያድርግ? የተባለውን አደረገ። ጸሐፊው ዲሲፕሊን የሚሉት ይኼን አልነበረም እንዴ? አሠልጣኝህን ስማ ሲባል ሰማ።

ሊያልቅ ሩብ ደቂቃ ገደማ ሲቀረው የቻቬዝ ቀኝ እጅ ገመዱ ጥግ ላይ ጣለው። ገመዱን ይዞ ተነሣ። ዳኛው ሪቻርድ ስቲል እስከ ስምንት ቆጥሮ «ደህና ነህ?» አለው፤ ሁለት ጊዜ። በዚያች ቅጽበት አሠልጣኙ ሉ ዱቫ ወደ ሪንጉ ጠርዝ እየወጣ ነበርና ቴይለር ዓይኑን ወደ እሱ አዞረ። መልስ አልሰጠም። ምሰሶው ላይ የመጨረሻዎቹን አሥር ሴኮንዶች የምታመለክተው ቀይ መብራት በርታለች። ስቲል እጁን አወናጨፈ፤ ግጥሚያው ቆመ፣ ቴይለር ተሸነፈ። ሁለት ሴኮንድ ቀርቶ ነበር።

ሰው ሁሉ ስለ ሁለቱ ሴኮንድ ይከራከራል። ስቲል ልክ ነበር፣ አልነበረም፤ እኔም ስንት ማታ ተከራክሬበታለሁ። ዛሬ የማስበው ሌላ ነው። ቴይለር ከዚያ ወደ ሆስፒታል ተወሰደ፤ የፊቱ አጥንት ተሰብሯል፣ ብዙ ደም ውጧል። ስቲል ባያስቆመው፣ እጁ በድል ቢነሣ እንኳ ያው ሆስፒታል፣ ያው አጥንት ነበር። በ1991 መጀመሪያ በከፍተኛ ሚዛን ሌላ የዓለም ቀበቶ ወስዷል፤ እግሩ ግን የድሮው እግር አልነበረም፣ ከዓመት ዓመትም አንደበቱ እየተያያዘ ሲሄድ ሰማነው። ተሰጥኦውን ከሁሉ አብልጠን ያየንበት ሌሊትና ተሰጥኦው ያለቀበት ሌሊት አንድ ናቸው። ይኼን ሰው «አባከነ» ማለት ሻማው ሲበራ እያነበቡ ቆይቶ ለምን አለቀ እንደማለት ነው።

የጽሑፉ ትልቁ ስንጥቅ እዚህ ጋ ነው። ሃሪሰን ማርትላንድ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ጭንቅላታቸውን ብዙ የተመቱ ቦክሰኞች እንደ ሰካራም መንገዳገዳቸውን፣ አንደበታቸው መተሳሰሩን በ1928 ጽፎታል። ዘጠና ዓመት ያለፈው ዕውቀት ነው። ከዚያ በኋላ የተማርነው ጉዳቱ በመንገዳገድ ብቻ እንደማይገለጥ ነው፤ ግልፍተኝነት፣ ድብርት፣ ራስን መግዛት አለመቻል፣ የነገን አለማሰብ፣ ወደ መጠጥ ማዘንበል አብረው ይመጣሉ። አሁን ደግሞ የጸሐፊውን «የዲሲፕሊን ማጣት ምልክቶች» ዝርዝር መልሳችሁ አንብቡ። አንድ ዓይነት ዝርዝር ነው። ሕመሙ በእርግጠኝነት የሚረጋገጠው ሰው ከሞተ በኋላ አንጎሉ ሲመረመር ስለሆነ በሕይወት ያለ አንድን ቦክሰኛ ስም ጠርቼ «እሱ ይኼ አለበት» አልልም። ጸሐፊውም በዚያው ልክ «ሰነፍ ነው» ለማለት ባይቸኩሉ ጥሩ ነበር።

እሳቸው ያላነሱት ግን ሊነሣ የሚገባው ናይጄሪያዊው አይክ ኢቤአቡቺ አለ። ጁን 1997 ሳክራሜንቶ ላይ ከዴቪድ ቱዋ ጋር በ12 ዙር ሁለቱ ተደምረው 1,730 ቡጢ ሰነዘሩ፤ በከባድ ሚዛን ከዚያ በፊት ያልተቆጠረ ቁጥር ነበር። ኢቤአቡቺ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ራሱን እንደሚያመው ይናገር ጀመር፤ በሁለት ወር ውስጥ አንድ ታዳጊ ጭኖ መኪናውን ከኮንክሪት ምሰሶ ጋር አላተመ፣ ልጁም ክፉኛ ተጎዳ። ቆይቶም በ1999፣ ክሪስ በርድን ዘርሮ 20 ጊዜ አሸንፎ አንዴም ሳይሸነፍ በቆመበት ዓመት፣ ሴት ላይ በተፈጸመ ወንጀል ተይዞ ለብዙ ዓመት ታሰረ። የተጎዱት ሰዎች አሉና ይኼን ሰው ላሳዝናችሁ አልሞክርም። የምጠይቀው፣ በ1997 እና በ1999 መካከል ያ ሰው እንዳመመው በዙሪያው ያለ ሁሉ እያየ ግጥሚያ ማን ያዘለት? ነው።

ሪዲክ ቦው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ቦው በኖቬምበር 1992 ኢቫንደር ሆሊፊልድን አሸንፎ የማይከራከሩበት ሻምፒዮን ሲሆን ክብደቱ 106 ኪሎ ተኩል ገደማ ነበር፤ ከዓመት በኋላ በመልሱ ግጥሚያ 111 ኪሎ ተኩል ይዞ መጥቶ ተሸነፈ። (ታይሰንን የጣለው ዳግላስም ከስምንት ወር በኋላ በዚሁ በሆሊፊልድ ፊት የቆመው በዚሁ ክብደት ነው፤ ሦስት ዙር አልጨረሰም። ሆሊፊልድ ሻምፒዮኖችን አወፍሮ የመብላት ዕድል ነበረው።) ቦው ይበላ ነበር። ሽማግሌው አሠልጣኝ ኤዲ ፉች ተስፋ ቆርጦ ትቶት ሄዷል። እሺ።

ጸሐፊው ግን የቦውን ትልቁን ጉድለት ከሳህን ውስጥ ፈለጉት፤ እኔ ከቆሻሻ መጣያ ውስጥ አገኘዋለሁ። በዲሴምበር 1992 ለንደን ላይ ጋዜጠኞች ፊት የዓለም ቀበቶውን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣለው። ቀበቶውን ይዞ ቢቀጥል ሌኖክስ ሉዊስን መግጠም ነበረበት፤ ሉዊስ ደግሞ በ1988 ሴኡል ኦሎምፒክ ፍጻሜ በሁለተኛው ዙር ያስቆመው ሰው ነው። በክፍያ ሳይስማሙ ቀሩ። ሁለቱ በፕሮፌሽናል ሪንግ ሳይገናኙ ዘመናቸው አለፈ። ቦው ሉዊስን ፈርቶ ነበር ወይ ለሚለው እያንዳንዱ የቦክስ ወዳጅ የራሱ መልስ አለው፤ ድርድሩን የሚመራው ግን ቦው አልነበረም።

በ1996 ደግሞ ከፖላንዳዊው አንድሩ ጎሎታ ጋር ሁለት ጊዜ ገጠመ። ሁለቱንም ጊዜ ጎሎታ እየመራ ከቀበቶ በታች እየመታ ከውድድር ተሰረዘና ቦው «አሸነፈ» ተባለ። በመዝገቡ ላይ ድል ናቸው። ከሁለተኛው በኋላ ቃለ መጠይቅ ሲሰጥ ግን ቃላቱ ተለጣጥፈው ነበር የሚወጡት። በኋላ ሚስቱንና ልጆቹን አፍኖ በመውሰድ ሲከሰስ ጠበቆቹ ያቀረቡት መከላከያ የአንጎል ጉዳት ነበር። በሙያው አንድ ጊዜ ብቻ የተሸነፈ ሰው ነው። መዝገቡን ብቻ ለሚያነብ ሰው ያልደከመ፣ ያልተመታ ሰነፍ ይመስላል።

ስለ ክብደት ካነሣን የራሴን ልናገር። በፓድ ዘመኔ አንድ ግራኝ ልጅ ነበር፣ 19 ዓመቱ። እጁን ሲልክ ፓዱ ላይ የሚሰማው ድምፅ ከሌሎቹ ይለያል፤ አጭር፣ ደረቅ። ያለልፋቱ 62 ኪሎ ነው። እኛ 57 ላይ ክፍት ቦታ ስለነበረን 57 አስገባነው። ሚዛን በሚለካበት ጠዋት ላስቲክ ለብሶ ገመድ ዘለለ፤ ላቡ ሲያቆም ማስቲካ እያኘከ ጠርሙስ ውስጥ ምራቁን ይተፋ ነበር፣ ግራም ለመቀነስ። ጠርሙሱን ይዤለት የቆምኩት እኔ ነኝ። ሚዛኑን ገባ። በመጀመሪያው ዙር ተጋጣሚውን እንደ ሕፃን አጫወተው። በሦስተኛው ዙር እግሩ ከወለሉ ጋር ተጣበቀ፣ እጁ ወረደ፣ ተሸነፈ። ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ሰው «ችሎታ አለው፣ ልብ ግን የለውም» አለ። ያልነበረው ውሃ ነበር። ዞር ብዬ ይኼን መናገር ሲገባኝ ዝም አልኩ፤ ልጁም ሰምቶታል። በሚቀጥለው ወር መምጣት አቆመ፣ እኛም «ሰነፈ» አልን።

ስለዚህ አሜሪካዊውን ቦክሰኛ ዶናልድ ከሪን ሳስብ ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ። በዲሴምበር 1985 ሚልተን መክሮሪን በሁለተኛው ዙር ዘርሮ የዌልተር ሚዛንን ጠቅልሎ ሲይዝ ከሁሉም ሚዛን ምርጡ እሱ ነው የሚሉ ብዙ ነበሩ። በሴፕቴምበር 1986 ብዙ ሰው በማያውቀው እንግሊዛዊ በሎይድ ሃኒገን ተረታ፤ ከስድስተኛው ዙር በኋላ አልቀጠለም። ወደ ሚዛኑ ለመግባት ሲታገል መክረሙ የታወቀ ነበር። ቀበቶው ያለው እዚያ ሚዛን ላይ ነው፣ ገንዘቡም እዚያ ነው። አጥንት ግን ውል አይፈርምም፤ ያድጋል።

ቲም ዊዘርስፑን ላይ ጸሐፊው አንድ መስመር ብቻ ነው ያወጡት፦ በዲሴምበር 1986 በጄምስ ስሚዝ በአንድ ዙር ሦስት ጊዜ ወድቆ ቀበቶውን አጣ፣ ምክንያቱም ግድ አልነበረውም። ግድ ያልሰጠው ለምን ይሆን? ከአምስት ወር በፊት ለንደን ዌምብሊ ሄዶ፣ በሰው አገር፣ በሰው ሕዝብ ፊት ፍራንክ ብሩኖን በ11ኛው ዙር አስቁሟል። ተሸናፊው ብሩኖ ወደ 900 ሺህ ዶላር ሲወስድ ሻምፒዮኑ ዊዘርስፑን እጁ የገባው ወደ 90 ሺህ ገደማ ነው። ፕሮሞተሩ፣ ማለትም ግጥሚያውን አዘጋጅቶ የሚሸጠው፣ ዶን ኪንግ ነው። ማኔጀሩስ? የዶን ኪንግ የእንጀራ ልጅ ካርል ኪንግ። ማኔጀር ማለት ፕሮሞተሩን ተከራክሮ ለቦክሰኛው ብዙ ገንዘብ የሚያመጣ ሰው ነው፤ እዚህ ግን ተከራካሪዎቹ አባትና ልጅ ናቸው። ዊዘርስፑን ከሰሰ፣ ከብዙ ዓመት በኋላም በስምምነት ካሳ አገኘ፤ ያኔ ግን ወጣትነቱ በካሳው ውስጥ አልነበረም። ማይክል ዶክስ፣ ግሬግ ፔጅ፣ ቶኒ ተብስ፣ ፒንክሎን ቶማስ፦ የዚያ ዘመን የከባድ ሚዛን ሻምፒዮኖች አንድ ባንድ ሲታዩ ሁሉም «ያባከኑ» ናቸው። አንድ ቢሆን ስለ ባሕርይው እናወራለን። አንድ ትውልድ ሙሉ ሲሆን ግን ውሉን ማየት ይሻላል። የአሜሪካ ኮንግረስም በ2000 ሙሐመድ አሊን ስሙ ባደረገው ሕግ ፕሮሞተርና ማኔጀር በጥቅም እንዳይቆራኙ የከለከለው አለነገር አይደለም።

ቤኒቴዝን ጸሐፊው «ልምምድ የማይወድ» ብለው አለፉት። አይወድም ነበር፣ እውነት ነው። በ17 ዓመቱ፣ በማርች 1976፣ አንቶኒዮ ሰርቫንቴስን በ15 ዙር በነጥብ አሸንፎ በታሪክ በዕድሜ ትንሹ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ሪከርዱ እስከ ዛሬ አልተነካም። በ22 ዓመቱ በሦስት ሚዛን ሻምፒዮን ነበር። ከዚህ በላይ ምን ያድርግ? ያጎደለው ነገር አልታየኝም። የታየኝ በጊዜ የሚያወርደው ሰው ማጣቱ ነው፤ ማንም ቡጢ የማያገኘው ልጅ ሁሉም እያገኘው እስከ 1990 ድረስ ሪንግ ውስጥ ቆየ። ቀሪ ዘመኑን በአንጎል ሕመም፣ በእናቱና በኋላም በእህቱ እጅ ሆኖ ነው ያሳለፈው።

ስቲቨንሰን ላይ ብዙ አልቆይም። በሙኒክ፣ በሞንትሪያልና በሞስኮ ሦስት ተከታታይ የኦሎምፒክ ወርቅ ያመጣ ኩባዊ ፕሮፌሽናል ስላልሆነ ብቻ አባካኝ ከተባለ ጸሐፊው የሚለኩት ተሰጥኦን ሳይሆን የባንክ ደብተርን ነው።

ናሲም ሐመድን «የተነፋ ፊኛ» ብለውታል፤ በኤፕሪል 2001 ማርኮ አንቶኒዮ ባሬራ አንድ ጊዜ ወጋውና ተነፈሰ ነው ነገሩ። ሐመድ የሚያበሳጭ ሰው ነበር። በሚበር ምንጣፍ ሲገባ፣ ገመድ ላይ ሲገለበጥ፣ ተጋጣሚውን ሲሰድብ እኔም በልቤ «አንድ ቀን ያገኝሃል» ብያለሁ፤ ባሬራ ሲያገኘውም ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽም። ነገር ግን ፊኛ 15 ጊዜ የዓለም ቀበቶ አያስጠብቅም። እጁን አውርዶ፣ ወደ ኋላ ተለጥጦ፣ በዓይኑ ፍጥነት ብቻ የሚያመልጥ ቦክሰኛ ነበር፤ እንዲህ ያለውን አቦካከስ ከልጅነቱ የቀረጸው ብሬንዳን ኢንግል ነው፤ ከእሱ ጋር በገንዘብ ተጣልተው ከተለያዩ በኋላ እግሩ ሰነፈ፣ ዝም ብሎ አንድ ቡጢ መፈለግ ጀመረ። እስከዚህ ከጸሐፊው ጋር አንጣላም። የምንጣላው «ገና በ28 ዓመቱ ሸሸ» ሲሉ ነው። ከ37 ግጥሚያ አንዱን ብቻ ተሸንፎ፣ ገንዘቡን ይዞ፣ በገዛ እግሩ ሄደ። ቴይለር እስከ 2002 ተደባደበ፤ በጽሑፉ ውስጥ «ተስፋ አይቆርጥም» ተብሎ በዚህ ይመሰገናል። ሲቆይም ጥፋት፣ ሲሄድም ጥፋት ከሆነ ቦክሰኛው በየትኛው በር ይውጣ?

ሆፕኪንስን ለምን እንደ መዝጊያ እንዳመጡት ይገባኛል። አምስት ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረ እስር ጨርሶ ወጣ፣ በ1988 የመጀመሪያ ግጥሚያውን ተሸነፈ፣ ከዚያ መካከለኛ ሚዛንን ለ20 ግጥሚያ አስጠበቀ፣ በ46 ዓመቱ እንደገና ሻምፒዮን ሆነ። የማይበላ፣ የማይጠጣ መነኩሴ። ግን ሆፕኪንስን በቅርበት ያየ ሰው ከመነኩሴው ይልቅ ጠበቃውን ያያል። ከፕሮሞተሮችና ከማኔጀሮች ጋር ፍርድ ቤት እየተካሰሰ፣ ውሉን መስመር በመስመር እያነበበ ነው የኖረው። ሪንግ ውስጥም ያው ነበር፦ ያቅፋል፣ ይገፋል፣ ጭንቅላቱን ያስቀድማል፣ ሰዓት ይገድላል፤ ሦስት ቡጢ ከሚሰነዝር አንድ ቡጢ አለመመታትን ይመርጣል። ሲገጥም ብዙ ጊዜ አሰልቺ ነበር፣ ተመልካች ይጮህበት ነበር። ጸሐፊው ቴይለርን የወደዱት ስለማይሸሽ ነው፣ የወቀሱትም ስላልሸሸ ነው፤ ሆፕኪንስን የሚያደንቁት ደግሞ ስለሸሸ ነው፣ ያንን ግን «ዲሲፕሊን» ብለው ጠሩት።

ከዲሲፕሊን ጋር ምንም ጉዳይ የሌለው ምሳሌ ከፈለጉ ጆርጅ ፎርማን አለላቸው። በ1974 በአሊ ተዘርሮ፣ በ1977 ቦክስን ትቶ ለአሥር ዓመት ሰባኪ ሆነ፣ ወፈረ። በ1987 ሲመለስ ተሳቀበት። በኖቬምበር 1994፣ በ45 ዓመቱ፣ በነጥብ እየተመራ ሳለ ማይክል ሙረርን በአሥረኛው ዙር በአንድ ቀኝ እጅ ዘረረው። ሚዛኑ 113 ኪሎ ነበር። በእነዚያ አሥር ዓመታት ውስጥ ፎርማን በልቷል፣ ሰብኳል፤ አንድ ያላደረገው ነገር ቢኖር ጭንቅላቱን መመታት ነው።

የቀረው አንዲ ሩዊዝ ነው። በጁን 2019 አንቶኒ ጆሹዋን አራት ጊዜ ጥሎ ዓለምን ጉድ ካሰኘ በኋላ በዲሴምበር ለመልሱ ግጥሚያ ሰባት ኪሎ ጨምሮ፣ ወደ 129 ኪሎ ገደማ ሆኖ መጣ። 12 ዙር ሙሉ ጆሹዋን ሲከተል ዋለ፣ አልደረሰበትም። ሲጠየቅ ለሦስት ወር ያህል ሲጨፍር እንደነበር በገዛ አፉ ተናገረ። ኮርነሩን፣ ፕሮሞተሩን፣ ሐኪሙን አገላብጬ አየሁ። በሩዊዝ ጉዳይ ጸሐፊው ልክ ናቸው።